የማንን ደም ጠጥታ መጣች?

ባሕር ኤል ጀበል፣ ትርጉሙም «የተራራው ወንዝ»፣ በጁባ በኩል ሲያልፍ ገና ዳርቻው የሚታይ፣ አቅጣጫውም የታወቀ ወንዝ ነው። ሞንጋላን አልፎ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ግን መሬቱ ይንጣለላል፤ ውሃው ዳርቻውን ለቆ በደንገልና በረጃጅም ሣር ውስጥ ይሰራጫል፤ ነጭ ዓባይም ሱድ የሚባለው ታላቅ ረግረግ ይሆናል። ሱድ በዐረብኛ መከልከያ፣ መሰናክል ማለት ነው። ስሙ የመጣው የመርከብን መንገድ ከሚዘጋው የተንሳፋፊ ዕፅ ክምር ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚህ አገር የመጡ እንግዶች ሁለት ነገር ይፈሩ ነበር፤ አንደኛው ይኸው የዕፅ ግድግዳ፣ ሁለተኛው ትኩሳት ነው። ግድግዳው በመጥረቢያና በመርከብ ኀይል ተቆረጠ። ትኩሳቱ ግን ለብዙ ዘመን ሳይፈታ ቆየ። የቆየበትም አንዱ ምክንያት ጥያቄው በተሳሳተ መንገድ ይቀርብ ስለነበረ ነው። ሰዎች «ክፉው አየር ያለው የት ነው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። በኋላ የሳይንስ ሰዎች የደረሱበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህችን ሰው የነከሰች ቢንቢ ከዚያ በፊት የጠጣችው የማንን ደም ነው? (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሸሹ ከተሞች

ከዛሬዋ ጁባ አጠገብ፣ ከወንዙ በስተምሥራቅ ባለችው ጎንዶኮሮ፣ የኦስትሪያ የካቶሊክ ሚሲዮን በ1850ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። ሚሲዮናውያኑ ከባሪ ሕዝብ ቋንቋ ጋር ገና ሳይተዋወቁ በትኩሳት ይወድቁ ጀመር፤ ከብዙ ሞት በኋላም ጣቢያው ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተዘጋ። ስፒክና ግራንት ከዓባይ ምንጭ ፍለጋ ሲመለሱ በ1863 ከሳሙኤል ቤከር ጋር የተገናኙት በዚህችው ጎንዶኮሮ ነው። ቤከር በ1871 ተመልሶ ቦታውን ለግብፁ ገዥ ለእስማኤል ያዘ፤ ስሟንም እስማኢሊያ አላት። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ቻርለስ ጎርደን ግን ረዳቶቹ አንድ በአንድ ሲታመሙና ሲሞቱ አየ። ጎንዶኮሮ ለጤና የማትስማማ ናት ብሎም በ1874 ጣቢያውን ወደ ላዶ፣ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ አዛወረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአውራጃው መቀመጫ ሞንጋላ ሆነች፤ በመጨረሻም በ1920ዎቹ መገባደጃ ገደማ ተራው የጁባ ሆነ።

ጎርደን ቦታ ሲቀይር በዘመኑ የነበረውን ሕክምና መከተሉ ነበር። ማላሪያ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ ክፉ አየር ማለት ነው። የኢትዮጵያ ደገኛም ቢሆን ንዳድን የሚያውቀው ከቆላው ምድር ጋር አያይዞ ነበር፤ ቆላ ወርዶ ማደር የሚያስፈራ፣ ማታ ወደ ደጋ መመለስ የሚመረጥ ነበር። ይህ ልማድ ምክንያቱን ባያውቅም ከነፍስ ያድን ነበር፤ የወባ ቢንቢ የምትነክሰው በአብዛኛው በሌሊት ነውና።

የጎርደን መፍትሔ የማይሠራበት ምክንያት ዛሬ ግልጽ ነው። በአፍሪካ እጅግ ገዳይ የሆነችው የወባ ቢንቢ፣ አኖፌለስ ጋምቢዬ፣ በጥልቁ ረግረግ ውስጥ መራባት አይሆንላትም። እሷ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽና አዲስ የዝናብ ውሃ ነው፤ የከብት ኮቴ የተወው ጉድጓድ፣ የጋሪ ጎማ ያረሰው መንገድ፣ ጭቃ የተቆፈረበት የጡብ ጉድባ ይበቃታል። ከረግረጉ የሸሸ ሰፈር አዲስ ቤት ሲሠራ፣ አፈር ሲቆፍርና ከብት ሲያስገባ የቢንቢዋን ቤት አብሮ ይሠራል።

ጥያቄው እንዴት ተለወጠ?

ሮናልድ ሮስ በ1897 በሕንድ አገር፣ የወባ ታማሚን በነከሰች ቢንቢ ሆድ ውስጥ የወባን ተሕዋስ አገኘ። በተከታዩ ዓመት ሥራውን ከዳር ያደረሰው ግን በሰው ሳይሆን በወፎች ነው። ወፎችም የራሳቸው ወባ አላቸው፤ ሮስ ከታመመ ወፍ ወደ ጤነኛ ወፍ በሽታው በቢንቢ ንክሻ ሲተላለፍ አሳየ። በዚያው በ1898 ጣሊያናዊው ግራሲና ባልደረቦቹ የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌለስ የተባለችው ወገን መሆኗን አረጋገጡ። ከዚህ በኋላ «ቢንቢ» ብሎ በጅምላ መናገር አልበቃም፤ የትኛዋ ቢንቢ፣ የትኛውን እንስሳ እንደምትነክስ መታወቅ ነበረበት።

ይህ ዕውቀት ወደ ነጭ ዓባይ ለመድረስ ብዙ አልቆየም። በካርቱም በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ የተቋቋመው የዌልካም የምርምር ላቦራቶሪ፣ በአንድሩ ባልፎር መሪነት፣ በጀልባ ላይ የተሠራ ተንሳፋፊ ላቦራቶሪ ወደ ደቡብ ላከ። በ1907 ሐኪሙ ዌንየን በዚህ ጀልባ እየተጓዘ የሰውንና የእንስሳትን ደም በማይክሮስኮፕ መረመረ። ከሱዳን ልዩ ልዩ ክፍሎች የተሰበሰቡ ቢንቢዎችም ስም እየተሰጣቸው በላቦራቶሪው መዛግብት ታተሙ።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ደም የምትጠጣው ሴቷ ቢንቢ ብቻ ናት፤ ወንዱም ሴቷም ለዕለት ጉልበታቸው የአበባና የዕፅ ጣፋጭ ፈሳሽ ይበቃቸዋል። ደሙ የሚያስፈልጋት እንቁላሏን ለማሳደግ ነው። አንድ ጊዜ ጠጥታ እንቁላሏን በውሃ ላይ ትጥላለች፤ ከዚያም ለሚቀጥለው እንቁላል እንደገና ደም ትፈልጋለች። በሽታ የሚተላለፈው በዚህ በመጀመሪያውና በተከታዩ ንክሻ መካከል ነው። የወባ ተሕዋስ በቢንቢዋ ሰውነት ውስጥ በሙቅ አገር ዐሥር ቀን ያህል ወይም ከዚያ በላይ መቆየት አለበት፤ ያን ያህል ኖራ ደግማ ሰው ካልነከሰች ተሕዋሱ ከእሷ ጋር ይሞታል።

ስለዚህ የደም ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም። አንዲት ቢንቢ ከምትነክሳቸው ዐሥር ጊዜዎች ዘጠኙን በሰው ላይ የምታደርግ ብትሆን፣ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሰውን የመንከስ ዕድሏ ከመቶ 81 ነው። ከዐሥር አንዱን ብቻ በሰው ላይ ብታደርግ ግን ከመቶ አንድ ይሆናል። በምርጫ የዘጠኝ እጥፍ ልዩነት፣ በበሽታ የ81 እጥፍ ልዩነት ያስከትላል ማለት ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ማክዶናልድ በ1950ዎቹ የወባን ስርጭት በሒሳብ ሲያስቀምጥ ከመሠረቶቹ አንዱ ይህ ነበር።

ደሙን የማወቅ ጥበብ

ታዲያ የጠጣችው የማን ደም እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ጀርመናዊው ፓውል ኡለንሁት በ1901 አንድ ዘዴ ፈለሰፈ። ጥንቸል በከብት ደም ፈሳሽ ብትወጋ በሰውነቷ ውስጥ የከብትን ደም የሚለይ መከላከያ ይፈጠራል። ከዚያች ጥንቸል የተቀዳው ሴረም ከከብት ደም ጋር ሲገናኝ ይደፈርሳል፤ ከሰው ወይም ከዶሮ ደም ጋር ግን አይደፈርስም። ዘዴው መጀመሪያ ያገለገለው ለፍርድ ቤት፣ በልብስ ላይ የተገኘ ደም የሰው ነው ወይስ የእንስሳ የሚለውን ለመለየት ነበር። በ1920ዎቹ ለቢንቢ ዋለ፤ የጠገበች ቢንቢ በወረቀት ላይ ተጨፍልቃ፣ ደሟ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ዛሬ በደሙ ውስጥ ያለውን ዘረ መል በማንበብ የእንስሳው ዓይነት ይታወቃል። ቢንቢዋ ግን የጠጣችውን በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ስለምትፈጨው ፈጥኖ መያዝ ያስፈልጋል።

በዚህ መንገድ የተሰበሰበው ዕውቀት ሁለት ነገር አስተማረ። አንደኛው፣ እያንዳንዷ የቢንቢ ዓይነት የራሷ ዝንባሌ አላት፤ በእንስሳው ሽታ፣ በትንፋሹና በሙቀቱ እየተመራች ትመርጣለች። ሁለተኛው፣ ዝንባሌ ብቻ አይወስንም፤ ቅርብ ያለው፣ በዚያ ሰዓት ደጅ የተኛው፣ ያልተሸፈነው እንስሳ የበለጠ ይነከሳል። አንዲት ቢንቢ ከአንዱ ስትባረር መጠጧን በሌላው ላይ ትጨርሳለች፤ በአንድ ሆድ ውስጥም የሰውና የላም ደም አብሮ ይገኛል።

ለረግረጉ ቢንቢዎች ማዕዱ ሰፊ ነው። በሱድና በአካባቢው የከብት መንጋ፣ ጉማሬ፣ እጅግ ብዙ የውሃ ወፍ አለ፤ ከወንዙ በስተምሥራቅ፣ ከጁባ ብዙም ከማይርቀው ከባዲንጊሎ ጀምሮ እስከ ቦማ ድረስ የሚፈልሱት የአጋዘን ዘር እንስሳት በ2023 ከአውሮፕላን በተደረገ ቆጠራ ስድስት ሚሊዮን ገደማ ተገምተዋል። ከቢንቢዎቹም አንዷ ማንሶኒያ ናት። እጯ ከሌሎቹ ተለይታ፣ ለመተንፈስ ወደ ውሃው ገጽ አትወጣም፤ መተንፈሻዋን በውሃ ተክል ሥር ውስጥ ወግታ ከዚያ አየር ትስባለች። በ1950ዎቹ መጨረሻ በነጭ ዓባይ የታየው፣ በኋላም ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ ለእንዲህ ዓይነቷ እጭ የሚመች ቤት ነው። ማንሶኒያ ጨለም ሲል ሰውንም ከብትንም አጥብቃ ትነክሳለች፤ ወባ ግን አታስተላልፍም። ብዙ የምታስጨንቀው ሁልጊዜ ብዙ የምትገድለዋ አይደለችም።

ወፎቹ

ላዶ ከጎርደን በኋላ ሌላ ታሪክ ነበራት። በ1894 እንግሊዝ በስሟ የሚጠራውን ግዛት ለቤልጅጉ ንጉሥ ለሁለተኛው ሊዮፖልድ አከራየች፤ የዛሬዋ ጁባ ያረፈችበት የምዕራብ ዳርቻም በዚያ ውስጥ ነበር። ንጉሡ በ1909 ሲሞት ግዛቱ በ1910 ወደ ሱዳን ተመለሰ፤ ደቡባዊው ክፍሉም በ1914 ለኡጋንዳ ተሰጥቶ ዌስት ናይል፣ «ምዕራብ ዓባይ»፣ ተባለ።

በ1937 በዚሁ በዌስት ናይል አውራጃ፣ ኦሞጎ በተባለ ስፍራ፣ ትኩሳት ከነበረባት ከአንዲት ሴት ደም በእንቴቤ የነበረው የቢጫ ወባ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች እስከዚያ ቀን ያልታወቀ ቫይረስ አገኙ። በ1940 ሲያሳውቁትም በአውራጃው ስም የዌስት ናይል ቫይረስ አሉት። ከማን ወደ ሴትዮዋ እንደመጣ ግን አልታወቀም ነበር።

መልሱ የተገኘው ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች፣ በግብፅ ነው። በ1950ዎቹ በካይሮ ሰሜን ባሉ መንደሮች ቴይለር፣ ወርክና ባልደረቦቻቸው የሰውን፣ የቤት እንስሳትንና የወፎችን ደም፣ የቢንቢዎቹንም ሆድ አብረው መረመሩ። ቫይረሱን በኪዩሌክስ ቢንቢዎች፣ በቁራና በሌሎች ወፎችም አገኙት። ቫይረሱ በወፍ ደም ውስጥ በብዛት ይራባል፤ ወፍ የነከሰች ኪዩሌክስም ወደ ሌላ ወፍ ታሻግረዋለች። ሰውና ፈረስ በመንገድ ላይ የሚገጥሟት ናቸው፤ ሊታመሙ፣ ሊሞቱም ይችላሉ፤ በደማቸው ያለው ቫይረስ ግን ሌላ ቢንቢን ለመበከል አይበቃም። የቫይረሱ መንገድ በሰው ላይ ያበቃል።

በ1999 ይህ ቫይረስ በኒው ዮርክ ብቅ አለ። በዚያ ዓመት 62 ሰዎች በጽኑ ታመው ሰባቱ ሞቱ። ከሰዎቹ አስቀድሞና ከእነሱ ጋር የከተማው ቁራዎች እየረገፉ ነበር፤ የወፎቹን ሞት ከሰዎቹ ሕመም ጋር ያገናኘው የእንስሳት ሐኪም ዕውቀት ነው። በአፍሪካ ግን ቫይረሱ ከወፎቹ ጋር ረጅም ዘመን ስለኖረ ብዙውን ጊዜ ወፎቹ አይረግፉም። በጁባ ዙሪያ እንዲህ ያለ ትኩሳት ቢኖር ወባ ተብሎ ማለፉ ቀላል ነው።

ከብቶቹ

በ1930 በኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ በጎች ግልገሎቻቸውን ይጥሉ፣ ግልገሎችም በብዛት ይሞቱ ጀመር። በ1931 ዶብኒና ባልደረቦቹ በሽታውን ገልጸው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት አሉት። ቫይረሱን የሚያሻግሩት በዝናብ የሚሞሉ ረባዳ ሜዳዎች ላይ የሚፈለፈሉ ቢንቢዎች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ የኤደስ ወገን የሆኑት እንቁላላቸውን በእርጥብ አፈር ላይ ይጥላሉ፤ እንቁላሉ ውሃው ደርቆ ለዓመታት ቢቆይም አይሞትም፤ ቫይረሱም ከእናት ወደ እንቁላል ሊተላለፍ እንደሚችል ታይቷል። ከባድ ጎርፍ ሲመጣ እንቁላሎቹ ባንድ ጊዜ ይፈለፈላሉ፤ የመጀመሪያ ደማቸውንም በአካባቢው ከሚሰማራው ከብት ይጠጣሉ።

ሰው የሚያዘው በንክሻ ብቻ ሳይሆን፣ እንዲያውም በብዛት፣ የታመመ ከብት ሲያርድ፣ የተጨነገፈ ጥጃ ሲያነሣ፣ ያልተፈላ ወተት ሲጠጣ ነው። በ1977 በሽታው ወንዙን ተከትሎ ግብፅ ሲደርስ ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል። በደቡብ ሱዳን ደግሞ ከጁባ በስተሰሜን ምዕራብ ባለችው በይሮል አካባቢ በ2017 መጨረሻ የታየው ሕመም፣ በማርች 2018 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ወረርሽኝ መሆኑ በመንግሥት ታወጀ።

ከብት ግን ሌላም ገጽ አለው። የሰውን ወባ ላም አትታመመውም፣ አታስተላልፈውምም። በኢትዮጵያና በሱዳን ዋነኛዋ የወባ ቢንቢ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ከሰውም ከከብትም ትጠጣለች፤ ላም ላይ የባከነው ንክሻ ለሰው ትርፍ ነው። እንግዲያው ከብት ሰውን ከወባ ይጋርዳል ማለት ይቻላልን? በኢትዮጵያ በዝዋይ አካባቢ ተደርጎ በ2002 የታተመ ጥናት መልሱ በቦታው ላይ የተመሠረተ መሆኑን አሳየ። ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድር ሽታው ቢንቢውን ወደ ቤት ይስባል፤ ሰውም የበለጠ ይነከሳል። ለብቻው በረት ውስጥ ሲያድር ግን ያ አደጋ ይቀንሳል።

ከጁባ በስተሰሜን በተረከካ አካባቢ የሚኖሩት ሙንዳሪዎች፣ እንዲሁም ዲንቃዎች፣ በከብት ሰፈራቸው ማታ ማታ ኩበት ያጨሳሉ፤ አመዱንም ሰውነታቸውን፣ ከብታቸውንም ይቀቡታል። ጎብኚ ለፎቶግራፍ የሚያምር ልማድ አድርጎ ያየዋል። ጭሱ ግን ቢንቢንና ዝንብን የሚያባርር፣ ሰውንም ከብትንም ባንድ ጊዜ ከንክሻ የሚጋርድ ጥንታዊ መከላከያ ነው። ሰውንና ከብትን ለይቶ የማያይ በመሆኑ፣ ሳይንስ ዘግይቶ የደረሰበትን ነገር ቀድሞ የያዘ ነበር ማለት ይቻላል።

ጦጣዎቹና እንሰቱ

ቢጫ ወባ፣ በአማርኛ ወባ ቢባልም፣ ከወባ ጋር ዝምድና የሌለው የቫይረስ በሽታ ነው፤ ጉበትን ጎድቶ ዐይንን ቢጫ ስለሚያደርግ ሕዝቡ የወፍ በሽታ ከሚለው ሕመም ጋር ይመሳሰላል። በ1900 የዋልተር ሪድ ቡድን በኩባ፣ የኩባዊውን የካርሎስ ፊንላይን የ1881 ሐሳብ ተከትሎ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረው የከተማ ቢንቢ መሆኑን አረጋገጠ። ይህች ኤደስ ኢጂፕቲ ከሌላው ሁሉ አብልጣ የሰውን ደም ትወዳለች፤ በበርሜል፣ በእንስራ፣ ኋላም በአሮጌ ጎማ ውሃ ትራባለች። ስለዚህ እሷን ማጥፋት በሽታውን ማጥፋት ይመስል ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግን በብራዚል እሷ በሌለችበት ገጠር ቢጫ ወባ ተገኘ፤ ምንጩም ጫካው፣ ጫካው ውስጥ ያሉት ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች መሆናቸው ታወቀ።

በ1940ዎቹ በኡጋንዳ በብዋምባ ጫካ፣ ሃዶውና ባልደረቦቹ ከዛፍ ጫፍ ላይ መደብ ሠርተው ሌሊቱን ሙሉ ቢንቢ ይይዙ ነበር። ኤደስ አፍሪካነስ ፀሐይ ስትጠልቅ በዛፎቹ አናት ላይ፣ ጦጣዎች በሚተኙበት ከፍታ ትነክሳለች። ያቺ ሰውን ብዙም አታገኝም። ነገር ግን ጦጣው ቀን የሙዝ እርሻ ለመዝረፍ ይወርዳል፤ በሙዙ ቅጠል እቅፍ በተቋጠረ ውሃ የምትራባው ኤደስ ሲምፕሶኒ ትነክሰዋለች፤ እሷም ነገ ገበሬውን ትነክሳለች። ሰንሰለቱ የተገናኘው በእርሻው ዳር ነው።

ይህ ዕውቀት በኢትዮጵያ በከባድ ዋጋ ተረጋገጠ። ከ1960 እስከ 1962፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. ገደማ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች በአፍሪካ ከታዩት ሁሉ እጅግ የከፋው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ወደ 100,000 ሰዎች ታመው እስከ 30,000 የሚደርሱት እንደሞቱ ይገመታል። በአዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች፣ በሻርል ሴርዬ መሪነት፣ ጉሬዛውን፣ ዝንጀሮውንና ጦጣውን፣ ቢንቢዎቹንም መረመሩ። በብዋምባ ሙዝ የነበረው ቦታ እዚህ የእንሰት ሆነ። በእንሰት ቅጠል እቅፍ ውስጥ ዝናብ ይቋጠራል፤ እንሰቱም የሚተከለው ከቤቱ ደጃፍ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ አንዴ ከጫካው ከወጣ በኋላ ኤደስ ሲምፕሶኒ ከሰው ወደ ሰው፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ ታደርሰው ነበር። ለዘመናት ከረኀብ ያዳነው ተክል ጥፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ ሕዝቡ ሳይከተብ መቅረቱ ነበር። ማክስ ታይለር ክትባቱን በ1937 ሠርቶ፣ በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበት ነበር።

ድንበር ለዚህ ቫይረስ ትርጉም የለውም። በ1940 በኑባ ተራሮች ከ1,500 በላይ ሰዎች ገድሏል። በ2003 ከጁባ በስተምሥራቅ በኢማቶንግ ተራሮች አካባቢ፣ በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 በጉራጌ ታይቷል። በዲሴምበር 2023 ደግሞ የደቡብ ሱዳን ጤና ሚኒስቴር በያምቢዮ ወረርሽኝ አውጇል።

የሚናገርና ዝም የሚል እንስሳ

ጁባ ዛሬ ከጫካም ከረግረግም ከከብትም ጋር የምትጎራበት ከተማ ናት። ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ መጥተው ሆቴል የከፈቱ፣ የውሃ ቦቴ የነዱ፣ በገበያዋ የነገዱ ብዙዎች ናቸው። የውሃ ቦቴው የሚሞላው በርሜልና ሮቶ ክዳን ከሌለው ሰው ወዳዷ ኤደስ ኢጂፕቲ ትራባበታለች። ድሬዳዋ በ2013 በደንጊ፣ በ2019 በቺኩንጉንያ የታመሰችው በእሷ ምክንያት ነው። እሷ የምትነክሰው ቀን ስለሆነ የሌሊት አጎበር አያስጥልም፤ መድኃኒቷ ክዳን ነው። ለወባዋ ቢንቢ አጎበር፣ ለከብቱ በሽታ ወተት ማፍላትና የታመመ ከብት አለማረድ፣ ለቢጫ ወባ ክትባት ያስፈልጋል። አንድ በሽታን የሚመክት ሌላውን አይመክትም፤ ቢንቢዎቹ ደማቸውን ከተለያየ እንስሳ ይቀዳሉና።

ከዚህ ታሪክ የሚገኝ አንድ ትምህርት ግን ከሁሉ ይከብዳል። አንዳንዱ እንስሳ አስቀድሞ ይናገራል። ከጎርፍ በኋላ በመንጋ ውስጥ ላሞችና በጎች በብዛት ሲያጨናግፉ፣ ያ ለሰው ሐኪም የተላከ መልእክት ነው፤ የእንስሳት ሐኪሙና የሰው ሐኪሙ ካልተነጋገሩ መልእክቱ ሳይነበብ ይቀራል። ሌላው እንስሳ ግን ዝም ይላል። የአፍሪካ ጦጣ ቢጫ ወባ በደሙ ሲዘዋወር አብዛኛውን ጊዜ አይታመምም፤ ከዛፍ ላይ አይወድቅም፤ ምልክት አይሰጥም። የመጀመሪያው ምልክት የሰው ሞት ይሆናል። ዝም ከሚል እንስሳ የሚመጣን በሽታ መጠበቅ የሚቻለው ሳይመጣ በመከተብ ብቻ ነው። የአንድ ጊዜ ክትባት ለዕድሜ ልክ እንደሚበቃ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 አስታውቋል፤ በአውሮፕላን ማረፊያ የሚጠየቀው ቢጫ ካርድም ከ2016 ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ይጸናል። ብዙ መንገደኛ ይህን ካርድ ለድንበር ማለፊያ ብቻ የተሠራ ወረቀት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በኦሞና በዴዴሳ ያለቁት ሰዎች ያጡት ግን ያንኑ ክትባት ነበር።